«ጥገኛ የለኝም ብለዋል»

ከመንግሥት ሥራ የወጣሁት በጡረታ አይደለም፤ ለጡረታ ገና ብዙ ዓመት ይቀረኛል። የወጣሁት በግማሽ ገጽ ማመልከቻ ነው። ለስንቱ ሰው ረጅም ማመልከቻ የጻፍኩት ሰውዬ ለራሴ ሲሆን ቃል አጠረኝ። ዛሬ ጉደር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የሠርግ መጥሪያ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ አዛውንት ወደዚህች ሱቅ ገብተው ቅጽ እንድሞላ ጠየቁኝ። ስለዚያ ቅጽ ከመናገሬ በፊት ግን ከዓመታት በፊት ስለሞላሁት፣ እውነቱን ለመናገር ሳልሞላ ስለተውኩት ሌላ ቅጽ መናገር አለብኝ።

ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በሦስት ከተማ። የሥራ መደቤ ስም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ ሥራው ግን ያው አንድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመም የመታከሚያ ወረቀቱን መጻፍ። ሠራተኛው በመንግሥት ሆስፒታል በግማሽ ክፍያ እንዲታከም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መያዝ አለበት። ደብዳቤዋ አራት መስመር ናት። አራት መስመር በመሆኗ ማንም የሚጽፋት ትመስላለች።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሸነን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በቦርሳዬ ሁለት ሸሚዝና አራት ደብተር ሙሉ ግጥም ይዣለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ከለቅሶ ቤትና ከሠርግ ቤት እየለቀምኩ የተማርኩት ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንብበው «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የፍቅር ማስታወሻ?» አሉኝ። «ስም፣ ዝምድና፣ የሥራ መደብ፣ የሚታከምበት ቦታ። ሌላውን ለሚስትህ አስቀምጥ።» ሚስት አልነበረኝም።

ሸነን ላይ ያጠፋሁት ጥፋት የፊደል ነበር። የቢሮ ሥራችን በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ነው። ጫልቱ የምትባል ሠራተኛ ልጇን ልታሳክም አዲስ አበባ ስትሄድ ስሟን በቁቤ ብቻ ጽፌ ሰጠኋት። ካርድ ክፍል የነበረው ሰው ፊደሉን እንደ እንግሊዝኛ አንብቦ «ካልቱ» አላት። መታወቂያዋ ላይ ግን በአማርኛ «ጫልቱ» ይላል። «ካልቱ ማናት? እሷ ትምጣ» ተብላ፣ ልጇን አዝላ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰች። ልጁ በኋላ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ስም በሁለቱም ፊደል ካልሰፈረ ደብዳቤ አላወጣሁም። አንድ ስም በሁለት ፊደል ሁለት ሰው እንደሚሆን ገባኝ። አንድ ቃልም በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር እንደሚሆን ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ከሸነን ወደ ጎጆ ከተማ ተዛወርኩ። ጎጆ ብርዳም ናት። ነፋሱ ከገብስ ማሳው ላይ ይነሳና ያለ ከልካይ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። በየጠረጴዛው ወረቀት ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ሁላችንም የየራሳችንን ድንጋይ እናውቃለን፣ የሰው ድንጋይ የወሰደ ይኮረፋል። እዚያ ነው ሥራ ያስተማሩኝን ሴት ያገኘሁት።

አዴ ዲንቂቱ፣ በአማርኛ ወይዘሮ ዲንቂቱ እንደማለት፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አጭር፣ ጠይም፣ እርሳስ ሻሻቸው ውስጥ የሚሰኩ። ፋይል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። «ሰው ነው የምትነካው» ይሉኝ ነበር። ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእርሳስ ይጻፋል፤ ከዚያ ተነስተው፣ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ተቀምጠው ሲያነቡት ስህተት ይደበቃል ብለው ያምናሉ። ከሁሉ በላይ ግን በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር።

አንደኛው፣ ማንኛውንም ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ። «ልጅ አለህ?» ብለው መልሱን ከሰሙ በኋላ እንደ አዲስ «ኢጆሌ ቀብዳ?» ይላሉ። ሰውየው «አሁን ነገርኩዎት እኮ» ሲል፣ «የነገርከው ለዚያኛው ነው» ይሉታል። «አንዱ ቋንቋ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል።» እውነት ነበር። በአማርኛ «ሁለት ልጅ አለኝ» ያለ ሰው በኦሮምኛ ሲጠየቅ ሦስተኛውን፣ ከትዳር ውጭ የወለደውን፣ ድንገት ሲያስታውስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ቀይ እስክሪብቷቸው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የቀኑን ቅጾች ይደረድሩና ባዶ የቀረውን ሣጥን ሁሉ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ ያሰምሩበታል። «ባዶ ሣጥን ያልተዘጋ በር ነው።» ድሮ አንድ ሠራተኛ በባዶ ሣጥን ውስጥ የሌለች ሚስት ጽፎ እህቱን ሲያሳክምበት፣ ቅጣቱ የወረደው በአዴ ዲንቂቱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ያሰመሩበትን ሣጥን የሚከፍተው የለም፤ ራሳቸውም አይከፍቱትም።

አሁን ቅጹን ወደ ወለደው የሠራተኞች መረዳጃ ልምጣ። ግማሽ ክፍያው ግማሽ የሚሆነው ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲኖረው ነው። «የለም፣ ውጭ ግዙ» ከተባለ፣ ምርመራውም «ውጭ ተሠርቶ ይምጣ» ከተባለ፣ ውጭ ያለው ሙሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ የግቢው ሠራተኞች መረዳጃ አቋቋሙ። በየወሩ ከደመወዛችን ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱም የድርሻውን ይጨምራል፤ የታመመ ሠራተኛ ወይም ቤተሰቡ የውጭውን ወጪ ከዚያ ያገኛል። ሊቀመንበሩ የፋይናንስ ባለሙያው ኦቦ ፈቃዱ፣ ጸሐፊዋ አዴ ዲንቂቱ፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው እኔ። ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎችና መድኃኒት ቤቶች ጋር ስለምንጻጻፍ ደንቡም ቅጹም በአማርኛ ሆነ። ቅጹን ከሌላ መሥሪያ ቤት እንዳለ ገለበጥነው። ከሠራተኛው ስም ሥር አምስት ሣጥኖች አሉ፤ ከሣጥኖቹ በላይ በደማቁ «ጥገኞች» ይላል።

የግቢውን ዘበኛ የኦቦ ጉተማን ቅጽ ልሞላ በሩ ድረስ ሄድኩ። ኦቦ ጉተማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የገባውንና የወጣውን ግን ከነሰዓቱ በቃላቸው ይይዙታል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ነፋሱ እንዳይወስድብኝ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ያዙልኝ።

«ያ ጉርባ፣ ምንድነው ይሄ?» አሉኝ። ጉርባ ማለት ልጅ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«የመረዳጃው ቅጽ ነው፣ ኦቦ ጉተማ። ጥገኛ አለዎት?»

«ምን አለኝ?»

«ጥገኛ።»

«እሱማ ነበረኝ። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጡኝና ወጣልኝ።»

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የወስፋት ሥዕል ሥር «የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ» ይላል፤ ነርሷ አንብባላቸው ኖሯል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ያ አይደለም» አልኳቸው። «በእርስዎ ሥር የሚተዳደር ሰው ማለት ነው። ለምሳሌ አዴ ጌጤ።» አዴ ጌጤ ሚስታቸው ናቸው።

«ጌጤ? ጌጤ ትል ናት?»

«ኧረ አይደለም! በኦሮምኛ ‹ሂርከታ› ማለት ነው፣ በእርስዎ የሚደገፍ።»

«በእኔ!» አሉና በጣታቸው ወረቀቱን መታ መታ አደረጉት። «ድንቹን የምትተክል እሷ። በጉን የምታደልብ እሷ። ልጄን ኮሌጅ ያስገባች እሷ። ይቺን የለበስኳትን ካፖርት የገዛችልኝ እሷ። እንዲያ ከሆነ በእሷ ስም እኔን ጻፈኝ።»

«አይቻልማ። ቅጹ ለሠራተኛ ብቻ ነው፤ አዴ ጌጤ ሠራተኛ አይደሉም።»

«ጌጤ ሠራተኛ አይደለችም?»

በሳቅ ፈነዳሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ጥገኛ የለኝም» አሉ። «እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ቃሉን ትቼ፣ ስለ ሕመምና ስለ ሆስፒታል ነግሬ፣ የሚስታቸውን ስም ጠይቄ መጻፍ። የሥራ ሰው ያንን ያደርግ ነበር። እኔ ግን ንግግሩን ወደድኩት። ከቢሮው ሁሉ ቃሉን ገልጦ ያየው ማንበብ የማይችለው ዘበኛ ነው ብዬ ተደነቅኩ። ሣጥኖቹን ባዶ ትቼ፣ በልቤ ግጥም እየቋጠርኩ ተመለስኩ።

ቢሮ ስገባ አዴ ዲንቂቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ለመውጣት ቆመዋል። አምቦ ለቅሶ ነበረባቸው፤ የመጨረሻው መኪና ጡሩምባ እየነፋ ነው። ቅጾቹን ተቀብለው እየቆጠሩ፣ ወደ ኦቦ ጉተማ ቅጽ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ጉተማ ጥገኛ የላቸውም?»

«ጥገኛ የለኝም ብለዋል» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ባብራራ ኖሮ «ተመለስና አስረዳቸው» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። አዴ ዲንቂቱ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ አምስቱን ሣጥን አምስት ጊዜ አሰመሩና ሮጡ። በኦሮምኛ አልጠየቁኝም።

ግጥሙን በዓመቱ ማብቂያ፣ በሠራተኞች ግብዣ ላይ አነበብኩት። ረጅም ነበር፤ የተወደደው ግን ይኼ ቤት ነው፦

ጥገኛህ ማናት ወይ? ብለው ቢመረምሩ፣
ምሰሶው እሷ ናት፣ እኔ ነኝ ማገሩ።

ተጨበጨበ። ኦቦ ጉተማ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የእሳቸው ንግግር መሆኑን ሁሉም ስላወቀ ዞሮ አያቸው። ያን ቀን ሳቁ። «ለጌጤ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ሣጥኑ ባዶ መሆኑ ያኔ አላሳሰበኝም። በደንቡ መሠረት ያልተመዘገበ ቤተሰብ ቢታመምም የቀበሌ ማስረጃ አምጥቶ መጨመር ይቻል ነበር። ግን የመድኃኒት ዋጋ በየወሩ ወጣ። መዋጮው አንዴ ጨመረ፤ ደግሞም ጨመረ። ሦስተኛው ጭማሪ ሲመጣ ስብሰባ ተጠራ፤ ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚናገረው።

አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ተነሳ። «እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። የሰው ልጅ ጉንፋን እስከ መቼ ነው የምከፍለው?»

«አግባ! ማን ከለከለህ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ።

«በየትኛው ደመወዝ? መዋጮው በላው እኮ!»

ሳቁ ጋብ ሲል ኦቦ ጉተማ እጃቸውን አወጡ። «ቅርጫ ላይ እኩል ያዋጣ እኩል መደብ ይደርሰዋል። እዚህ ግን ከሁላችንም ይቆረጣል፤ እናንተ አዲስ አበባ ትታከማላችሁ፣ ለእኛ እዚሁ ጤና ጣቢያ ፓራሲታሞል ይቆጠርልናል። ጭማሪው ደመወዙ በበዛው ላይ ይሁን።»

«ደመወዜ የበዛው ተምሬ ነው!» አለ አንዱ። ሌላው «የአንተ ቤተሰብ ዘጠኝ ነው፣ የእኔ ሁለት» አለ። ጎረቤት የጎረቤቱን ሕመም መቁጠር ጀመረ፤ የማን እናት ስኳር እንዳለባት፣ የማን ልጅ በየወሩ ስንት ጊዜ እንደሚያስነጥስ፣ ሁሉም የሁሉንም ያውቃል። እንዲያ ያለ ስብሰባ ከዚያ በፊት አላየሁም።

በመጨረሻ ኦቦ ፈቃዱ መንገድ አመጡ። መዋጮው አይጨምር፤ ተጠቃሚው ይወሰን። በቅጹ ላይ ለሰፈረ ብቻ ይከፈላል። ማስተካከል ለሚፈልግ ሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሐምሌ መዝገቡ ዝግ ነው። ሁሉም ተስማማ፤ ከራሱ ኪስ የሚወጣ የመሰለው አልነበረማ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ኦቦ ፈቃዱ የተናገሩት ቃል የተንዛዛ ስለነበር አሳጠርኩት፦

«በቅጽ ያልተጻፈ፣ በቤት እንደሌለ ይቆጠራል።»

አንብቤ ሳሰማ አንዳንዱ አጨበጨበ። «ገጣሚ እንዲህ ይጠቅማል!» አሉ ኦቦ ፈቃዱ። ደስ አለኝ። እንኳን ያን ጊዜ፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀን ዓረፍተ ነገሯን በአፌ እየደጋገምኩ አጣጥማት ነበር።

ማስታወቂያውን እኔው ጽፌ እኔው ለጠፍኩት። የለጠፍኩት ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በግቢው በር ላይ ነው። ኦቦ ጉተማ ለሁለት ሳምንት ያንን በር ተደግፈው ዋሉ። ወረቀቱ ከትከሻቸው በላይ ነበር። በየማለዳው «አካም ቡልተኒ?» እያልኩ፣ እንዴት አደሩ እያልኩ፣ አጠገባቸው አለፍኩ። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላነበብኩላቸውም።

በጥቅምት አዴ ጌጤ ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ፣ አምቦ ወደ አዲስ አበባ ጻፈላቸው። የግማሽ ክፍያውን ደብዳቤ በዕለቱ አወጣሁ፤ ስማቸውን በሁለቱም ፊደል፣ አንድ ስህተት የሌለበት። ምርመራውና መድኃኒቱ ግን ውጭ ነው ተባለ። ኦቦ ጉተማ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ መዝገብ ቤት መጡ።

«መረዳጃው ለዚህ አይደል?» አሉ። «ስንት ዓመት ተቆረጠብኝ። አሁን ለጌጤ ይሁን።»

አዴ ዲንቂቱ እጃቸውን ታጠቡ። ፋይሉን ከፈቱ። አምስት ሣጥን፣ አምስት ቀይ መስመር።

«ይጠብቁኝ፣ ኦቦ ጉተማ» ብለው ወደ ውጭ ሸኟቸው። በሩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥገኛ የላቸውም ብለኸኝ ነበር።»

«ጥገኛ የለኝም ብለዋል ነው ያልኩት።»

ፋይሉን ወደ እኔ አዞሩት። ከዚያ በሁለት ዓመት የዘገየውን ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሃደ መና ቀቡ?» ሚስት አላቸው ወይ ማለታቸው ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ ግን «ሃደ መና» የቤት እናት ማለት ነው። የቤት እናት የላቸውም ብሎ የሚመልስ ምላስ አልነበረኝም፤ ያኔም አይኖረኝም ነበር።

«ኤዬ» አልኩ። «አላቸው።»

«እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምጠይቀው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፋይሉ። «ያን ቀን አንዴ ጠየቅኩ።»

ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። አነሳሁት። በቀዩ መስመር ላይ የአዴ ጌጤን ስም ብጽፍ፣ ቀኑን ወደ ኋላ ብመልስ አልኩ። አዴ ዲንቂቱ ከእጄ ወሰዱትና ድንጋዩ ሥር አስቀመጡት። «የአንተን ጥፋት በእኔ ፋይል ላይ አትሸፍንም» አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ኦቦ ፈቃዱ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ተሰበሰበ። አዴ ዲንቂቱ ጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ መሆኑን ቆመው ተናገሩ። እኔም ሁሉን ነገርኩ። ኦቦ ፈቃዱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ከመዝጊያው በኋላ የመለስናቸው ሌሎችም አሉ። ለጉተማ ብንከፍት እነሱን ምን እንላቸዋለን? የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ልጅ የልብ መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው ከዚችው መዋጮ ነው። እሱን እናቋርጥ?» ቃለ ጉባኤውን ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ለዚህ እኮ ነው ያጸደቅነው። በቅጽ ያልተጻፈ፣ በቤት እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ የጠራ ቃል ከየት ይመጣል?»

ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ቢንዛዛ ኖሮ ምናልባት መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ይገኝለት ነበር።

መረዳጃ ከመኖሩ በፊት እንደሚደረገው ፖስታ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ያ «ሚስት የለኝ» ያለው ወጣት ከሁሉም የበለጠ ሰጠ። ለመጓጓዣና ለመጀመሪያው ምርመራ በቃ። ለቀሪው ኦቦ ጉተማ ጊደራቸውን ሸጡ፤ ለእሷ ገዢ እስኪገኝ ሳምንታት ሄዱ። ከዚያ አዴ ጌጤ የሚተክሉበትን የድንች መሬት አከራዩ። ጉዞው በተወሰነበት ሳምንት ደግሞ መንገድ ተዘጋ፤ የእነዚያ ዓመታት መንገድ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ የደረሱት በጥር ነው። ሐኪሙ የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው አሉ፤ «እስካሁን የት ነበራችሁ?»

አዴ ጌጤ መጋቢት ውስጥ እቤታቸው አረፉ። መዝገቡ ሊከፈት አራት ወር ሲቀረው።

ከቀብር መልስ ሰልፍ ይዤ የኦቦ ጉተማን እጅ ጨበጥኩ። ለምናገረው ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቃሉን አላስጨረሱኝም። እጄን ሳይለቁ፣ ሳይቆጡም፣ «ያ ጉርባ» አሉ፣ «ምሰሶው እሷ ናት ብለህ አልነበር? እንግዲህ ማገሩ ብቻውን እንዴት እንደሚቆም ጻፍልኝ።»

አልጻፍኩትም። እስከ ዛሬም አልጻፍኩትም።

አዴ ዲንቂቱ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። በመሸኛቸው ዕለት ቀዩን እስክሪብቶ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ምክር እጠብቅ ነበር፤ «ክዳኑን በደንብ ካልዘጋኸው ይደርቃል» ብቻ አሉኝ።

እኔም ወደ አምቦ ተዛወርኩ። እዚያም መረዳጃ ነበር፣ እዚያም መዋጮው ይጨምር ነበር፣ እዚያም ቅጹ ላይ ያው ቃል። ‹የቤተሰብ አባላት› ይባል ብዬ ጻፍኩ፤ «በደንቡ ያለ ቃል ነው» የሚል መልስ መጣ። ቃሉን መለወጥ ሲያቅተኝ በየሠራተኛው ዘንድ እየሄድኩ ሁለት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ዘበኛውን በር ላይ፣ ጽዳቷን ደረጃው ላይ፣ ሾፌሩን መኪናው ሥር። አለቃዬ «ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን አንተ ወር ትፈጅበታለህ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ዓመት ከመንፈቅ ታገስኩ። ከዚያ ያቺን ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ በዚህች ሱቅ በር፣ ያ ካፖርት ብቅ አለ። ጉደር ሙቀት ነው፤ እሳቸው ግን ለብሰውታል። አጠገባቸው ልጃቸው ለሊሴ ነበረች። አሁን እዚህ መምህርት ሆናለች፤ አባቷን ከጎጆ አምጥታ አብረው ይኖራሉ።

«አካም ጅርተ፣ ያ ጉርባ?» አሉኝ። «ፀጉርህ ሸሸ እንጂ አልተለወጥክም።»

ለሊሴ ቅጽ ይዛለች። የትምህርት ቤታቸው ሠራተኞችም የሕክምና መረዳጃ አቋቁመዋል። «መዋጮው ገና ሳይጀመር ጨመረ» አለች እየሳቀች። «ስሞቹ በሁለቱም ፊደል ይጻፉ ተባለ፤ አባዬ ደግሞ እርስዎ ካልሞሉት አይሆንም አለኝ።» ቅጹን ተቀበልኩ። የእሷ ስም፣ ከሥሩ ሣጥኖች፤ አባት፣ እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች። ከሣጥኖቹ በላይ በደማቁ ያው ቃል።

እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ኦቦ ጉተማ አላነበቡትም፤ ግን ፊቴን አነበቡ።

«ያው ነው አይደል? ትሉ?»

«ያው ነው፣ ኦቦ ጉተማ።»

«ጻፈኝ» አሉ። «ትልም ብለህ ቢሆን ጻፈኝ። ባዶ እንዳትተው።»

በአማርኛ ጠየቅኳቸው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ። ከዚያ ሁሉንም እንደገና በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው። ለሊሴ ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ጊዜ በትዕግሥት መለሱ። ስማቸውን በሁለቱም ፊደል ጻፍኩ።

«ቀጣዩስ የማን ነው?» አሉ ሁለተኛውን ሣጥን እያመለከቱ።

«የእናት» አለች ለሊሴ፣ ቀስ ብላ።

ውጭ ከባድ መኪና አለፈ፤ ንፋሱ በክፍቱ በር ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንቀሳቀሰው።

«ዲንቂቱ እንዲህ ያለውን ምን ታደርገው ነበር?» አሉኝ።

መሳቢያዬን ስቤ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። አልደረቀም። አወቁት።

«እንግዲያው አስምር» አሉ።

የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀልኩ። ኦቦ ጉተማ ጎንበስ ብለው፣ እንዳይንሸራተትብኝ፣ የወረቀቱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ያዙልኝ።